ፈረስ የማይበላው ሣር

ባለፈው እሁድ እትዬ ቤት ቡና ላይ ነበርኩ። ረከቦቱ የተቀመጠው በፕላስቲክ ሣር ላይ ነው፤ ያቺ በየሱቁ ተጠቅልላ በሜትር የምትሸጠው፣ ቄጠማ ፍለጋን ያስቀረችው። እትዬ ከሰሉን ሲያራግቡ አንዲት ፍም ተፈናጥራ ሣሩ ላይ አረፈች። እስኪያነሷት ድረስ ሥራዋን ጨርሳለች። የአምሳ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ፣ ዙሪያዋ ቀልጦ የተጨማደደ፣ ሽታዋ ከዕጣኑ የበለጠ። "ቄጠማ ቢሆን እኮ ጫፉ ጠቁሮ ያልፍ ነበር" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦ "ግን ቄጠማውን ማን ያመጣል? ማንስ ይጠርጋል?"

ከዚያ ወጥቼ የሄድኩት ስብሰባ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ በኩል እሁድ እሁድ የሚጫወት ጤና ቡድን አለን። አብዛኞቻችን ቦርጭ አውጥተናል። ሜዳው ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ጠዋት የትምህርት ቤት ልጆች ስፖርት ይሠሩበታል፣ ከሰዓት የሰፈሩ ልጆች ይጋፉበታል፣ ሰርግ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል፣ ለቅሶ ሲኖርም እንደዚያው። እና ዳላስ የሚኖር የድሮ በረኛችን ልጁ ቤዝቦል የሚጫወትበትን ሜዳ ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ አንድ ጠጠር አይታይበትም፣ መስመሩ እንደ ቀሚስ ጥለት ጥርት ብሏል። ከፎቶው ሥር፦ "እንዲህ ያለውን እናስነጥፍ፤ ለግማሹ እኔ አለሁ።"

ስብሰባው ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ አርቴፊሻሉ፣ ማለትም የፕላስቲኩ ሣር፣ ይምጣልን አለ። ግማሹ ሣር ይተከል አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ግንበኛ ጓደኛችን ብቻ "መጀመሪያ ድንጋዩን ልቀሙ" ብሎ ሳቅንበት። እሱ ጋ ኋላ እመለሳለሁ።

እኔ የቡድኑ ጸሐፊ ነኝና "አጥንተህ ና" ተባልኩ። አጠናሁ። ነገሩ የጀመረው ቤዝቦል ላይ ስለሆነ ከዚያው ልነሳ።

ጎንደር ውስጥ ቤዝቦል የሚጫወት ሰው አላውቅም። ግን ገና ጨዋታን ያየ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ዱላ አለ፣ ትንሽና ጠንካራ ኳስ አለች፣ የሚሮጥ ሰው አለ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንላለን፤ ቤዝቦል ላይ ግን በደንብ ይቆጣሉ። አንዱ ኳሷን ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታታል፣ መቺው ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ይሮጣል። ብዙ ጊዜ የተመታችው ኳስ መሬት ለመሬት እየነጠረች ትሄዳለች። ተከላካዩ እሷን ጎንበስ ብሎ ይዞ ከሯጩ ቀድሞ መወርወር አለበት። እግር ኳስ ላይ ሜዳው ካስቸገረ ኳሷን በአየር መላክ ይቻላል። ቤዝቦል ላይ ግን መሬቱ ራሱ ተጫዋች ነው። ኳሷ አንዲት ጉብታ ካገኘች የተከላካዩን አገጭ ትመታለች።

እ.ኤ.አ. በ1965 (ዓ.ም. ካላልኩ ከዚህ በኋላም ዘመኑ የፈረንጅ ነው) ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ አስትሮዶም የሚባል ስታዲየም ተከፈተ። ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ነበረው። ሣሩ ከሥር ተተክሎ ጣሪያው ብርሃን እንዲያስገባለት በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተሠራ። ችግሩ የቀን ጨዋታ ሲመጣ ታየ። ፀሐይዋ በጣሪያው ስታንጸባርቅ ተጫዋቾቹ ወደ ላይ የተመታችውን ኳስ ማየት አቃታቸው። ስለዚህ ጣሪያው ቀለም ተቀባ። ኳሷ ታየች፤ ሣሩ ግን ብርሃን አጥቶ ሞተ። ቡድኑ የቀረውን የውድድር ዘመን የጨረሰው አረንጓዴ ቀለም በተቀባ አፈርና ደረቅ ሣር ላይ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በ1966 ሞንሳንቶ የተባለ ኩባንያ የሠራው የናይሎን ሣር ተነጠፈና ከስታዲየሙ ስም ተወስዶ አስትሮተርፍ ተባለ።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። ሣሩ የሞተው በጥላ ነው። ውሃ አልጎደለበትም፤ ብዙ እግርም አልረገጠውም። ፕላስቲኩ የመጣው ጣሪያ ለፈጠረው ችግር ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ጣሪያ የሌላቸውም ገዙት። በ1970ዎቹ ብዙ ከተሞች ቤዝቦልንም በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካን ፉትቦልንም በአንድ ስታዲየም ማጫወት ፈልገው ነበር፤ ሣር ይህን ሁሉ እግር አይችልም። የያኔው አርቴፊሻል ደግሞ ዛሬ እንደምናየው አልነበረም። አስፋልት ወይም ኮንክሪት፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ፣ በላዩ አጭር ምንጣፍ። ኳሷ ሳትዛባ ትነጥራለች፣ ግን ትፈጥናለች፣ ከፍም ትላለች። ጨዋታው ራሱ ተቀየረ። በ1982 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ቡድን በዓመቱ 67 ሆም ራን (ከሜዳው አጥር ውጭ የምትወጣ ምት) ብቻ መትቶ፣ ከሁሉም ቡድኖች ያነሰ ማለት ነው፣ ዋንጫውን ወሰደ። በምን? በእግር። መሬት ለመሬት የተመታች ኳስ ምንጣፉ ላይ እየፈጠነች በተከላካዮች መካከል ታመልጣለች፤ እነሱ ይሮጣሉ። 200 ጊዜ ማረፊያ ሰርቀዋል፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሮጠው ቀጣዩ ማረፊያ ደርሰዋል። ሜዳው እንዲህ አድርጎ ቡድን ይመርጣል።

ተጫዋቾቹ ግን አልወደዱትም። ዲክ አለን የተባለው የዘመኑ ኮከብ "ፈረስ የማይበላው ከሆነ እኔም አልጫወትበትም" አለ ይባላል። የእኛዋ አህያ ደግሞ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ብላለች። ሁለቱ ቢገናኙ ይግባቡ ነበር።

ካንሳስ ሲቲ በ1995፣ ሴንት ሉዊስ በ1996 ምንጣፋቸውን ነቅለው ሣር ተከሉ። ዛሬ የቤዝቦል ከፍተኛው ሊግ ከሆነው ከሜጀር ሊግ 30 ቡድኖች አብዛኞቹ በተፈጥሮ ሣር ላይ ናቸው። በቅርቡ ወደ አርቴፊሻል የሄዱት አሪዞና (2019)፣ ቴክሳስ እና ማያሚ (2020) ሦስቱም ጣሪያ ያላቸው ስታዲየሞች ናቸው። በተለይ አሪዞና በረሃ ነው። ሣሩ ፀሐይ እንዲያገኝ ጣሪያው ቀን መከፈት ነበረበት፤ ጣሪያው ሲከፈት ደግሞ ስታዲየሙ እንደ ምጣድ ይግላል። እንደገና ጥላና ጣሪያ። የቴክሳሱ ስታዲየም ለዳላሱ በረኛችን ጎረቤት ነው። አዘዞ ሜዳ ላይ ግን ያለው ጣሪያ ሰማይ ብቻ ነው።

እርግጥ የዛሬው አርቴፊሻል ተሻሽሏል። ናይሎኑ በለስላሳ ፖሊኢትሊን ተተክቷል። ጭረቱ፣ ማለትም የፕላስቲኩ ቅጠል፣ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ጭረቱን ቀና አድርጎ የሚይዘው በመካከሉ የሚሞላው አሸዋና ጎማ ነው። ጎማው ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተፈጨ ጥቁር ፍርፋሪ ነው። ሜዳው ለስላሳ የሚሆነው በእሱ ነው። ከጨዋታ በኋላ ጫማ ስታራግፉ የሚፈሰውም እሱ ነው። ስለዚህ አርቴፊሻል ማለት ምንጣፍ ብቻ አይደለም፤ በአስር ቶኖች የሚቆጠር ሙሊትም አለው። ጎል አካባቢና ፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ላይ ፍርፋሪው በእግር ይገፋና ይሳሳል። ጣታችሁን ሰዳችሁ ታች ያለውን ጨርቅ ወዲያው ከነካችሁ፣ ያ ቦታ ለጉልበት ክፉ ነው። በየጊዜው መቦረሽና መሞላት አለበት። "ጥገና አይፈልግም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

አሁን ወደ ሙቀቱ። በጭቃ እንስራ የተቀመጠ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? እንስራው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሣርም እንደዚያው ነው፣ ቀኑን ሙሉ በቅጠሉ ውሃ ያስተነፍሳል። ፕላስቲክ አያልበውም። እ.ኤ.አ. በ2002 ዩታ ውስጥ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ልኬት አለ። ከጠዋት እስከ ማታ የአርቴፊሻሉ ገጽ በአማካይ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን አጠገቡ ያለው ሣር 26 ገደማ ነበር። እጅግ በሞቀ ቀን ደግሞ አርቴፊሻሉ 93 ዲግሪ ደርሷል። ውሃ ሲረጭበት ይበርዳል፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ግን ተመልሶ ይግላል።

አሜሪካኖቹ ይህን ሲለኩ ልጆቻቸው ወፍራም ታኬታ አድርገው ነው። የእኛ ሜዳ ላይ ከሰዓት የሚጫወቱትን እስቲ ቆማችሁ እዩ። አንዱ ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ በአንድ እግሩ ሸራ በሌላው ምንም፣ ሌሎቹ ባዶ እግር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የጎንደር ሙቀት እንደ አሪዞና አይደለም፣ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። ጣሪያ ላይ የተረሳ ጀሪካን በሁለት በጋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፣ በእጅ ሲነኩት ይፈረካከሳል። በደንብ የተያዘ አርቴፊሻል ሜዳ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል ይባላል። ከዚያ በኋላ ተጠቅልሎ የት እንደሚጣል በስብሰባው ላይ የጠየቀ የለም።

ጉዳትን በተመለከተ መልሱ እንደምትፈልጉት ቀጥ ያለ አይደለም። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ማኅበር ከ2012 እስከ 2018 ያለውን የሊጉን መረጃ ይዞ ያለ ግጭት የሚመጣ የታችኛው አካል ጉዳት በአርቴፊሻል ላይ 28 በመቶ፣ የጉልበት ደግሞ 32 በመቶ እንደሚበልጥ ተናግሯል። ምክንያቱ ይገባል፦ ሣር ይነቀላል። ታኬታ ሲያዝ አንድ ነገር መልቀቅ አለበት፤ በሣር ላይ መሬቱ ይለቃል፣ በፕላስቲክ ላይ ጅማቱ። በአውሮፓ እግር ኳስ ክለቦች ላይ የተሠራ ጥናት ግን በጥቅሉ ልዩነት አላገኘም፤ የቁርጭምጭሚት መዞር ብቻ በአርቴፊሻሉ በዝቶ ታይቷል። እንግዲህ ስፖርቱም፣ ጫማውም፣ የሜዳው ጥራትም ይወስናል። መላላጡን ግን ጥናት ሳያሻኝ እመሰክራለሁ። አዲስ አበባ አንድ ሜዳ ላይ ከአምስት ዓመት በፊት ተንሸራትቼ የተላጥኩት ጭኔ ላይ ዛሬም ጠባሳ አለ።

የእግር ኳሱ ዓለምም ቢሆን አልተስማማም። በ2015 ካናዳ ያዘጋጀችው የሴቶች ዓለም ዋንጫ በሙሉ በአርቴፊሻል ላይ ሲደረግ ተጫዋቾቹ አድልዎ ነው ብለው እስከ ክስ ሄደዋል። የ2026ቱ የወንዶች ዓለም ዋንጫ ስታዲየሞች ግን ሁሉም የተፈጥሮ ሣር እንዲኖራቸው ተወስኗል፤ አርቴፊሻል የነበራቸውም ለእሱ ሲሉ ሣር ማስገባት ነበረባቸው። ለትልቁ ጨዋታ ሲሆን ሣር ይገኛል ማለት ነው።

ስለ ጥቁሩ ፍርፋሪ አንድ ነገር ልጨምር። ክረምታችንን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ አንድ ዶፍ ሲወርድ የአዘዞ ቦይ ምን ይዞ እንደሚሄድ አይታችኋል። ፍርፋሪው ደቃቅ ነው፣ ጎርፍ ይወስደዋል። ከቦዩ ወደ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ መገጭ፣ ከመገጭ ወደ ጣና። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለ የፕላስቲክና የጎማ ሙሊት ከስምንት ዓመት መሸጋገሪያ በኋላ እንዳይሸጥ ከልክሏል። እዚያ ገበያ ሲዘጋ ዕቃው ወዴት እንደሚመጣ መገመት አያቅትም። በቡሽ ወይም በአሸዋ ብቻ የሚሞላም አለ፤ ለማንኛውም አርቴፊሻል ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ሙሊቱን ነው።

እሺ፣ ሣር ይተከል። ምን ሣር? እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። ሞቃት የአሜሪካ ከተሞች ስታዲየም ላይ የሚተክሉት ቤርሙዳ የሚባለው ሣር የእኛው ሰርዶ ነው። ገበሬው ከማሳው ሲነቅለው የሚውለው፣ ነቅሎ ጥሎት በማግስቱ የሚያቆጠቁጠው ሰርዶ። እነሱ የተመረጡ ዝርያዎቹን ገዝተው ይተክላሉ፤ እኛ እንረግመዋለን። ለሜዳ የሚፈለገው ያው ለእርሻ የሚጠላው ጠባዩ ነው። በመሬት ውስጥም በላይም እየተሳበ ይሰራጫል፤ ታኬታ የገመሰውን ራሱ ይሰፋዋል። ፀሐይ ይወዳል፣ ጥላ ይጠላል። ቁርጥራጩ ክረምት መግቢያ ላይ በመስመር ቢቀበርና ሰው ባይረግጠው መስከረም አልፎ ጥቅምት ላይ ሜዳ ይሆናል። ዋጋው የጉልበት ነው።

ውሃውስ? ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። ሣር በበጋ ለምለም እንዲሆን በቀን 5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል እንበል። ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ፣ 105 በ68፣ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ በቀን 35,700 ሊትር። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 1,785። የእኛ ሜዳ 60 በ40 ገደማ ነው፤ 600 ጀሪካን። በየቀኑ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ የሰፈሩ እናት ለሊጥ ውሃ ስትጠብቅ፣ እኛ 600 ጀሪካን ሣር ላይ ስንደፋ ብንታይ ምን እንደምንባል አውቃለሁ።

ሰርዶ ግን ባይጠጣም ቶሎ አይሞትም። ቢጫ ሆኖ ይተኛል፤ ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። ችግሩ ተኝቶ ሳለ የሚረግጠው እግር ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጨዋታ ይችላል፤ ጠዋትም ማታም አይችልም። መጀመሪያ ጎሉ አፍ ላይ ይመለጣል፣ ከዚያ መሃል ሜዳ። እና የሰፈሩ በጎች። አጥር ከሌለ አርብ የተከልከውን ቅዳሜ በግ ይበላዋል። ዲክ አለን ደስ ይለው ነበር።

አሁን ወደ ግንበኛው። በዚህ ሁሉ ንባብ ውስጥ ያልጠበቅሁት ነገር፣ የቤዝቦል ሜዳ ሣር ባለበትም ቢሆን ጨዋታው የሚበዛበት ቦታ ሣር አለመሆኑ ነው። ሯጮቹ የሚመላለሱበት የውስጠኛው ክፍል አፈር ነው። ዝም ብሎ አፈር አይደለም። አሸዋ፣ ደቃቅ አፈርና ሸክላ ተመጥኖ፣ ተደልድሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተስተካክሎ። አሸዋው ሲበዛ ይበተናል፣ ሸክላው ሲበዛ ይደነድናል። የሜዳ ጠባቂዎቹ ከጨዋታ በፊት የሚረጩት ውሃ ከሁሉም ይበልጣል ይላሉ። ሚሊዮኖች የሚከፈላቸው ሰዎች በአፈር ላይ ይንደረደራሉ! እኛ ደግሞ አፈር ላይ በመጫወታችን እናፍራለን።

የእኛ ሜዳ ዋና ጠላቱ ዋልካው ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ሚያዝያ ላይ ስንጥቁ ውስጥ እጄን እስከ አንጓዬ አስገብቻለሁ። በዚህ ላይ ሺህ ጊዜ ውድ አርቴፊሻል ቢነጠፍ በሁለተኛው ክረምት እንደ አልጋ ልብስ ይጨማደዳል። መጀመሪያ ተቆፍሮ መውጣት፣ ገረጋንቲ መግባት፣ ውሃ መውረጃ መሠራት አለበት። ሣር ቢተከልም ያው ነው፣ ውሃ የሚተኛበት ሥር ይበሰብሳል። አፈር ሜዳ ብንፈልግም ያው ነው። ለዚህ ነው ግንበኛው ትክክል የነበረው፤ ሦስቱም መንገድ የሚጀምረው ከሥር ነው። እና ያ ሥራ በፎቶ አያምርም፣ ስለዚህ ሰው መዋጮ አያወጣለትም።

ማክሰኞ ለቡድኑ ያልኩት ይህን ነው። ለፋሲል ከነማ ዓይነት ቡድን፣ 2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ላነሱት ለአፄዎቹ፣ በደንብ የተያዘ ሣር እመርጣለሁ፤ የሚጫወቱት በሳምንት ጥቂት ቀን ነው፣ ጠባቂም ይቀጠርለታል። ቀኑን ሙሉ ልጅ ለሚንጋጋበት፣ አጥርና ዘበኛ ላለው ትንሽ ሜዳ አርቴፊሻል ያዋጣል፤ ያውም ያለ ጥቁሩ ጎማ፣ ያውም ድንኳን ካልተተከለበት። ለእኛ ግን የበረኛችን ብር መጀመሪያ ወደ ገረጋንቲውና ወደ ቦዩ ይሂድ። መሃሉ የተደለደለ አፈር ይሁን፣ ዳርና ዳሩን ሰርዶ እንትከል፣ የድንኳን ችካልም ከመስመሩ ውጭ ይሁን።

ዳላስ ደውለን ነገርነው። ዝም አለ። "እኔ እኮ አረንጓዴ ነገር ነው ያሰብኩት" አለ። ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ይሆናል አልነው። "ሚያዝያስ?" አለ። ሚያዝያ ላይ ቢጫ ነው። ሳቀና ይሁን አለ፤ ብሩን በሁለት ጊዜ ይልካል፣ ሁለተኛውን ቦዩን በቪዲዮ ካየ በኋላ።

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ድንጋይ ለቀማ ነው። አካፋ ያላችሁ አካፋ ይዛችሁ ኑ ተብሏል። እኔ ያለኝ ዶማ ነው፣ እጀታውም ይወዛወዛል።